ሐይቅ ዳር ለማደር ስትወጡ ተጠንቀቁ የምላችሁ ነገሮች

መስከረም ሲጠባ ስልኬ አያርፍም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል፣ ሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ መተንፈስ ይፈልጋል። አንዱ ላንጋኖ ይላል፣ አንዱ ቢሾፍቱ፣ ሌላው ሐዋሳ ወይም ወንጪ። የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ማስተባበር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰዎቹ ይቀያየራሉ፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝን ላስቀድም። «ዋና እችላለሁ» የሚለው ነገር ነው።

አብዛኞቻችን ዋና የተማርነው ገንዳ ውስጥ ነው። የገንዳ ወለል ይታያል። ሲደክማችሁ ጠርዙን ትይዛላችሁ። ሐይቅ ውስጥ የሚያዝ ነገር የለም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና ሆራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውሃዎች ናቸው። ከላይ ሲያዩአቸው ክብና ጸጥ ያሉ ናቸው። ዳርቻቸው ግን ቀስ እያለ አይጠልቅም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ 80 ሜትርን ያልፋል። ውሃው ጉልበታችሁ ጋ ነው ብላችሁ ሁለት እርምጃ ስትጨምሩ መሬቱን ልታጡት ትችላላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ጓደኞቹ ስልክ ይዘው ይቀርጹታል። አሥር ሜትር ያህል እንደሄደ ወደ ኋላ ዞረ፣ ከዚያ ቆመ። አልጮኸም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮህም። አፉ ብቅ የምትለው ለትንፋሽ ብቻ ነው። በእጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከዳር ላየው የሚጫወት ይመስላል። ጓደኞቹም እየሳቁ መቅረጻቸውን ቀጠሉ።

አንደኛው ሲገባው ሊዘል ተነሳ፤ ክንዱን ይዤ አስቀረሁት። ሾፌራችን መኪናው ውስጥ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ነበረው። ክዳኑን ጠበቅ አድርገን፣ እጀታው ላይ የዕቃ ማሰሪያ ገመድ አስረን ወረወርነው። የመጀመሪያው አልደረሰም። ሁለተኛው ትከሻው አጠገብ አረፈ። ጀሪካኑን በሁለት እጁ አቅፎ ስንጎትተው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ዳር ላይ ከተቀመጠም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቃል አልተናገረም፤ ጀሪካኑንም አልለቀቀም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ገመድ የታሰረበት ጀሪካን ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። እናንተም ያዙ። ሰው ሲሰጥም ተከትላችሁ አትዝለሉ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት። የጨነቀው ሰው ያገኘውን አንቆ ይይዛል፣ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ቢራ የቀመሰ ሰው ውሃ አይግባ፤ «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለውን አልሰማም። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ካለም ልበሱት እንጂ መቀመጫ አታድርጉት። በዚህ ነገር ላይ ስቆጣ ካያችሁኝ አትቀየሙኝ።

ጀልባ ካነሳን አይቀር፣ ከሰዓት በኋላ መሳፈርም ስህተት ነው። ጣናም ሆነ ላንጋኖ ጠዋት ተኝቶ የምታዩት ውሃ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሌላ መልክ ያወጣል። ደሴት ማየት ካሰባችሁ በጠዋት ሄዳችሁ በጠዋት ተመለሱ።

ሌላው ውሃን በመልኩ መፍረድ ነው። ላንጋኖ ቡናማ ስለሆነ ብዙ ጀማሪዎች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለዋና የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቱም ቢልሃርዚያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ይታወቃል። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ግን ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያ በቆዳ በኩል ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። በተለይ ቄጠማ የበቀለበትና ውሃው የረጋበት ዳርቻ ላይ እግራችሁን ዘፍዝፋችሁ አትቀመጡ። ከገባችሁም ለሐኪም ተናገሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። እነዚሁ ሁለት ሐይቆች ጉማሬም አላቸው፤ ማታ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ በእሱና በውሃው መካከል አትገኙ።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ ጥቅምት ላይ ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ያለ አጎበር አደርኩ። ትንኝ ነክሶኛል፣ ቁብ አልሰጠሁትም። ተመልሼ ሥራ ገባሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ። ታይፎይድ ነው ብዬ በራሴ ፈቃድ መድኃኒት ገዝቼ አራት ቀን ዋጥኩ። ባሰብኝ። በመጨረሻ ሐኪም ፊት ስቀመጥ «ከከተማ ወጥተህ ነበር?» ሲለኝ ነው ሐይቁ ትዝ ያለኝ። የደም ምርመራው ወባ አሳየ።

አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባን እንረሳዋለን። ላንጋኖ ግን ከፍታው 1,600 ሜትር አይሞላም። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው የአገራችን ክፍል ወባ አለበት። የሚበረታውም ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ማለትም ለሽርሽር በምንወጣበት ወቅት። አጎበር ያዙ፣ ማታ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ካተኮሳችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ወንጪ ስትሄዱ ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ጦጣና ጭላዳ አትመግቡ። ዛሬ ሙዝ የሰጣችሁት ነገ የሌላ ሰው ልጅ እጅ ላይ ያለውን ይቀማል።

ቀን ሳያዩ መቁረጥም አለ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ እሰየው፣ በሆራ ሀርሰዲ ዳር ያለው ድባብ ድንቅ ነው። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን በሌላ ሳምንት ሂዱ፤ መንገዱም ማረፊያውም ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

መመለሻም እንዲሁ ነው። እሁድ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ተነሱ ስል ፊት የማይጠቁርብኝ ጊዜ የለም። «ትንሽ እንቆይ» ይሉኛል። የምሳ ሰዓት ያልፋል፣ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። የፍጥነት መንገዱ አጥር አለው፤ ከእሱ ውጪ ያለው አስፋልት ላይ ግን ሲመሽ ከብት ይሻገራል፣ ጋሪ ያለ መብራት ይሄዳል፣ የተበላሸ አይሱዙ መሃል መንገድ ላይ በድንጋይ ታጥሮ ይቆማል። ድንጋዩን የምታዩት ከደረሳችሁበት በኋላ ነው።

የመጨረሻው ልጆችን ይመለከታል። አሥር አዋቂ ዳር ላይ ተቀምጦ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ፣ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ማንም አያይም። እኔ አንድ ቀይ ቆብ ይዤ እሄዳለሁ። ቆቡን ያጠለቀው ሰው ለግማሽ ሰዓት ልጆቹን ብቻ ያያል። ስልክ አይነካም፣ ሥጋ አይጠብስም፣ ወሬ ቢጣፍጥም ዞር አይልም። ጊዜው ሲያበቃ በእጁ ለቀጣዩ ያስረክባል። ባለፈው ላንጋኖ ላይ አንድ አባት ቆቡን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጥሎት ሻይ ሊቀዳ ሄደ። የስድስት ዓመት ልጁ ከውሃው ወጥታ፣ ውሃ እያንጠባጠበች ቆቡን አንስታ ተከተለችው። «አባዬ፣ አሁን ማነው የሚያየን?»