የስልክ ሰዓት ገደቡ ማታ ማታ እየከዳ ላስቸገራችሁ ወላጆች

በልጄ ስልክ ላይ የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ጭኜ የቀን ገደብ አስቀምጫለሁ። ቀን ላይ በደንብ ይሠራል። ማታ ግን ሰዓቱ ካለቀ በኋላም ቪዲዮው ይቀጥላል። ልጄ ምንም አልነካችም። ከመቆጣቴ በፊት ይህን ማጣራቴ ደስ ይለኛል።

ችግሩ የባትሪ ቁጠባው ነበር። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ቻርጅ ሲቀንስ ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ያስቆማሉ። መቆጣጠሪያው ከቆመ ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥር የለም።

ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የመቆጣጠሪያው አፕ፣ ባትሪ ብዬ ገባሁና «አንሪስትሪክትድ» (ያለ ገደብ) የሚለውን መረጥኩ። እግረ መንገዴን ፈቃዶቹን ሳይ «አክሰሲቢሊቲ» ጠፍቶ አገኘሁት። እኔ የምጠቀምበት አፕ ያለዚህ ፈቃድ ሰዓቱ ማለቁን ቢያውቅም ስክሪኑን መዝጋት አይችልም። አበራሁት፤ ስልኩንም ሪስታርት አደረግኩ። ከዚያ ገደቡን ወደ 5 ደቂቃ አውርጄ ሞከርኩት። ወዲያው ዘጋ!

ቀንና ሰዓቱንም «አውቶማቲክ» ላይ አድርጉት። አንዳንድ አፖች የስልኩ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ይሸወዳሉ። ስልኩ አፕዴት ካደረገ በኋላም ፈቃዶቹን አንዴ እዩአቸው፤ አንዳንዴ ይጠፋሉ።

ለልጄም ምን እንዳስተካከልኩና ለምን እንደሆነ ነገርኳት። በድብቅ መቆጣጠር አልወድም።