ቢላው «ጧ» ሲል፦ ከቁርጥራጭ ብረት ቢላ ለምትሠሩ

ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ነው የምውለው። ቅዳሜ ግን ጓሮ ገብቼ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ከባሌስትራ (ከመኪና ሥር ከሚነጠፈው ጠፍጣፋ ሞላ)፣ ከኩሽኔታ፣ ከአሮጌ ሞረድ፣ አንዳንዴም ከመዳብ ቢላ እሠራለሁ። አልሸጥም፤ ለወዳጅ ዘመድ ነው። ጎንደር ውስጥ ይሄን ሥራ የሚሞክሩ ልጆች ስለበዙ የተሰበረ ቢላ ይዞ በሬን የሚያንኳኳውም በዝቷል። ለሁሉም ያንኑ መድገም ሰልችቶኝ ነው የጻፍኩት። ወናፍ እንዴት እንደሚነፋ አልነግራችሁም። መነጽር አድርጋችሁ፣ ጫማ ተጫምታችሁ ነው ብዬ ነው የማወራው።

ስለቱ አይይዝም

ጠዋት ትስሉታላችሁ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ትከትፉበታላችሁ፣ ማታ ዱልዱም ነው። ከመሳያው ጋር አትጣሉ። ብረቱን ጠርጥሩ።

ፌሮ፣ ያ የግንባታ ብረት፣ ቢላ አይሆንም። ልድገመው? ፌሮ ቢላ አይሆንም። ለቢላ የሚበቃ ካርቦን የለውም። የፈለጋችሁትን ያህል አሙቁት፣ የፈለጋችሁት ነገር ውስጥ ንከሩት፣ ያው ፌሮ ነው። ማግኔት የማይስበው ስቴንለስም በእሳት አይጠነክርም። ስለዚህ የድሮ ማንኪያና የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ቁራጭ ይዛችሁ አትልፉ።

ሞረድ ጥሩ ብረት ነው፤ ሞረድ ከሆነ። አሁን ገበያው ላይ ያለው ርካሹ ሞረድ ብዙ ጊዜ የጠነከረው ቆዳው ብቻ ነው። ቆዳውን በግራይንደር ስታነሱት ውስጡ ለስላሳ ነው። ትልልቅ የጭነት መኪና ኩሽኔታዎችም አንዳንዶቹ እንደዚሁ ናቸው።

መፍትሄው አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከብረቱ ጫፍ የጣት ያህል ቁረጡ። አግላችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ በጨርቅ ሸፍናችሁ በመዶሻ ምቱት። ከተሰበረ ቢላ ይሆናል። ከተጣመመ ለበር መቀርቀሪያ ይሁናችሁ።

ዘይት ውስጥ ሲገባ ተሰነጠቀ፣ ወይም ሥራ ላይ ተሰበረ

ዋናው ይሄ ነው። በእጄ ከገቡት ስብርባሪዎች አብዛኞቹ የጭነት መኪና ባሌስትራ ናቸው። ብረቱ ምንም አይወጣለትም። 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ክሮምም አለበት፣ በዘይት ጥሩ ይጠነክራል። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ቢላ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞራለሁ። እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ካብለጨለጨ እሳት በዝቶበታል። እንደ ሲሚንቶ ልሙጥ ግራጫ ከሆነ ሙቀቱ ደህና ነበር፣ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ከስብራቱ ግማሹ ከጠቆረ ደግሞ ስንጥቁ ከመንከሩ በፊት ነበረ ማለት ነው፤ ምናልባትም ገና መኪናው ላይ እያለ።

የማየው በብዛት ስኳሩን ነው። ለፋሲካ ቅርጫ አንድ የሰፈራችን ልጅ የራሱን ቢላ ይዞ መጣ። እጀታው ወይራ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ተቀባበለው። የበሬውን ጭን ከመገጣጠሚያው ሊያላቅቅ አስገብቶ ትንሽ ጠመዘዝ ሲያደርገው «ጧ!» ግማሹ እጁ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ሥጋው ውስጥ። ሽማግሌዎቹ ለአንድ ሳምንት የሚበቃቸውን ሳቁ።

«ጋሼ፣ ብረቱ ከዳኝ» አለኝ።

«በስንት ሰዓት ነው ያጋልከው?»

«ከምሳ በኋላ።»

«የት?»

«ግቢ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ።»

አለቀ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ የቀትር ፀሐያችን ዓይን ያጠፋል። ጥላ ውስጥ እንደ ዛላ በርበሬ የቀላ ብረት ፀሐይ ላይ ጥቁር መስሎ ይታያል። ልጁ «ገና ነው» እያለ ይነፋል። ፀሐይ ላይ ቀይ ሆኖ ሲታየው ብረቱ ከሚገባው በላይ ሄዷል። ያን ጊዜ የብረቱ ፍሬ ያድጋል፤ ያደገ ፍሬ ደግሞ ይሰበራል።

ስለዚህ ማጋያው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ወይም ጨለም ያለ ጥላ ሥሩ። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡና ሽቦ ላይ እሰሩ። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። እዚያ ከደረሰ በኋላ ለባሌስትራ ትንሽ ብቻ ጨምሩ፤ 830 አካባቢ ይበቃዋል። ብርቱካን ከመሰለ አልፏል፤ አውጡትና ይቀዝቅዝ፣ እንዳትነክሩት።

ቀጥቅጣችሁ ስትጨርሱም ወዲያው ወደ ዘይት አትሩጡ። ማግኔቱ እስኪለቀው አሙቁት፣ ነፋስ በሌለበት አየር ላይ እስኪጠቁር ተዉት። ይሄን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ያበጠው ፍሬ ተመልሶ የሚደቅቀው በዚህ ነው። እሳት የበዛበት ግን ገና ያልተሰበረ ቢላ ካላችሁም የሚድነው በዚሁ ነው። ሁሉም የሚዘለው ይሄን ነው፤ ስለማይታይ።

አሁን ንከሩ። ዘይት፣ ውሃ አይደለም። «አባቶቻችን በውሃ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ማረሻ በውሃ ይነከር ይሆናል፤ ያንተ ባሌስትራ ማረሻ አይደለም። ዘይቱን 50 ወይም 60 ዲግሪ አሙቁት፤ ለብ ያለ ዘይት ከቀዝቃዛው ይልቅ ቀጭንና ፈጣን ነው። የምግብ ዘይት ይሻላል። ከጋራዥ የሚለመነው የተቃጠለ ዘይት ጭሱ መርዝ ነው። ስለቱን ከመንከር በፊት ምላጭ አታድርጉት፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉለት። ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን አታወዛውዙ። ክዳን አጠገባችሁ ይኑር፤ ዘይት እሳት ይይዛል፣ ውሃ ደግሞ ያባብሰዋል።

ከዘይት የወጣ ቢላ ገና ቢላ አይደለም፤ ብርጭቆ ነው። ይሄን በራሴ ነው የተማርኩት። አንድ ምሽት ነክሬ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ነገ በመጠኑ አሙቄ አለዝበዋለሁ ብዬ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። እራት እየበላን ሳለ ከጓሮ «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ድመት መስሏት ወጣች። ቢላው ማንም ሳይነካው ከጀርባው እስከ ስለቱ ተሰንጥቋል። የጠነከረ ብረት ውስጡ የታመቀ ነው፤ ካላለዘባችሁት ራሱን ይሰብራል። መብራት የማያስተማምን ከሆነ በዚያ ቀን አትንከሩ።

ማለዘቢያ ኦቨን ለሌለው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ትሪ ላይ ደረቅ አሸዋ አድርጉ፣ ቢላውን ቅበሩ፣ አክንባሎ ክደኑበት። 200 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና አንድ ሰዓት። ቀድማችሁ አንድ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት አብለጭልጩት፤ ቀለሙ የጤፍ ጭድ ሲመስል ደርሷል። ቡናማ ከሆነ ትንሽ ለዝቧል። ሰማያዊ ከሆነ ለቢላ አልፎበታል፣ እንደገና ከመንከር ጀምሩ። ምጣዱ ግን እንጀራ የሚጋገርበት አይሁን። በዚህ ጉዳይ ቤቴ ውስጥ የሆነውን አልጽፍም።

የጠቆረው ስብራት ቀረ። ጋራዥ ባሌስትራ በነፃ ሲሰጣችሁ ለምን ከመኪናው እንደወረደ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ነው፤ አንድ ቦታ የተሰበረ ደግሞ ሌላ ቦታም ተሰንጥቋል። እንዲህ ፈትሹ፦ ዝገቱን አጽዱ፣ ላምባ ቀቡትና ትንሽ ቆዩ፣ በጨርቅ ጥርግ አድርጉ፣ ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ላምባው ከውስጥ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ቀጭን መስመር ይሰራል። ያን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ። ይሄን ሁሉ ከእሳቱ ርቃችሁ፣ እባካችሁ።

ሌሎች

ተጣመመ፦ ከዘይት እንደወጣ፣ ገና ትኩስ እያለ በወፍራም ጓንት ይቃናል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከታገላችሁት ይሰበራል።

መዳብ ሲቀጠቀጥ ተሰነጠቀ፦ በምት ብዛት ደርቋል። አቅሉትና ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ይለሰልሳል። የባሌስትራ ተቃራኒ ነው። ቅቤ ይቆርጣል፣ ፖስታ ይከፍታል፤ ሌላ አትጠብቁ። ሎሚ አታስነኩት።

ጋልቫናይዝድ ቧንቧና ቆርቆሮ እሳት ውስጥ አይገባም። ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ጭሱን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። የሾክ አብዞርበር ዘንግ ያምራል፣ አዎ። ግን ዝግ እቃ ነው፣ ውስጡ ዘይትና የታመቀ ጋዝ አለ፤ ሳይከፈት እሳት ካገኘው ይፈነዳል። ቀለህም ለእጀታ ማስጌጫ የሚሰበስብ አለ። ባዶ መሆኑን ካላረጋገጣችሁ አትንኩ። ከሜዳ የተለቀመ ከባድ ነገር ከሆነ ጭራሽ አታንሱት፣ ለፖሊስ ተናገሩ።

እጀታው ላላ፦ እርጥብ እንጨት ነው። ወይራ ጥላ ውስጥ ወራት ይደርቅ። ቀንድም እንዲሁ።

ስለቱ ጥርስ አወጣ፦ ይሄ ሁልጊዜ የሠሪው ጥፋት አይደለም። አንድ ጎረቤቴ የሰጠሁትን ቢላ ሁለት ጊዜ ተሸራርፎ አመጣልኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሞርጄ ሳልኩለት። ሁለቱንም ጊዜ «አጥንት አልነካሁበትም» ብሎ ማለ። ሦስተኛ ሲያመጣው ጥርሱ መካከል የአጥንት ስንጣሪ ተሰክቶ ነበር። ቢላውን ተቀብዬ ፋስ ሰጠሁት።