የኋላ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ፒስተኑን በጉልበት አትግፉት

መኪናችሁ ከኋላም ዲስክ ፍሬን ካለው ይቺን ልብ በሉ። የፊቱ ሸራ ሲቀየር ፒስተኑ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው ክፍል) ቀጥ ብሎ ተገፍቶ ይገባል። ከኋላ ግን ብዙ መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑም የሚሠራው በዚያው ካሊፐር (ፒስተኑንና ሸራውን በያዘው ክፍል) ነው። ፒስተኑ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው ዘንግ አለ። ስለዚህ እየተጫነ ይዞራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ። የፒስተኑ ፊት ላይ ጎድጎድ ያሉ መያዣዎች ካያችሁ የሚዞር ነው። በግድ ከተጨመቀ ውስጡ ይሰበርና ሙሉ ካሊፐር መግዛት ይመጣል። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ካሊፐሩ ላይ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አስቀድሞ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ በምርመራ ኮምፒውተር ነው የሚደረገው።

አሮጌውን ሸራ ቶሎ አትጣሉት። የውስጠኛው አልቆ የውጪው ወፍራም ከሆነ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ነክሰው (ተጣብቀው አልንቀሳቀስ ብለው) ሊሆን ይችላል። ፒኖቹን አውጥታችሁ አጽዱ፣ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀቡ። ተራ ግሪስ የፒኖቹን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል። እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም፤ አዲሱም ሸራ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ሸራው የሚይዘውን ዲስክም ውፍረቱን ለኩት። የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ላይ በሚሊሜትር ተቀርጿል። ከዚያ ካነሰ ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ።

ሥራው ሲያልቅ፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው።