ሁለት ቋንቋ ለምትናገሩ፦ ከፊታችሁ ያለው ሰው ጆሯችሁንና ምላሳችሁን ሲቀይረው ምን ታደርጋላችሁ?

ከአንዱ ሰው ጋር ሁለተኛው ቋንቋችሁ ይንቆረቆራል፣ ሌላው ሲመጣ ደሞ ምላስ ይተሳሰራል። ብዙ ሰው ቋንቋው ስለማይችል ይመስለውና ራሱን ይወቅሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ አእምሯችን የሰውየውን ፊትና ቦታውን አይቶ የትኛውን ቋንቋ ማቀበል እንዳለበት ቀድሞ ስለሚወስን ነው። ይሄን ካወቃችሁ መቆጣጠር ይቻላል።

ከጆሮ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዶናልድ ሩቢን የሚባል ተመራማሪ ለአሜሪካ ተማሪዎች አንድ የተቀዳ ሌክቸር አሰማቸው፣ ድምፁ የአንዲት አሜሪካዊት ነው፣ ግን ለአንዳንዶቹ የነጭ ለሌሎቹ የኤዥያዊት ሴት ፎቶ አሳያቸው። የኤዥያዊቷን ያዩት የውጭ አክሰንት ሰማን አሉ፣ የያዙትም ትምህርት አነሰ። ድምፁ እኮ ያው ነው! ስለዚህ የሆነ ሰው ንግግር አልገባኝም ስትሉ መጀመሪያ "አፉን ሳይከፍት ነው ወይ የወሰንኩት?" በሉ። በቮይስ ሜሴጅ ከሆነ ስልኩን ገልብጣችሁ ፎቶውን ሳታዩ ድጋሚ ስሙት፣ ልዩነቱ ይገርማችኋል። ጫጫታ ቦታ ላይ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፣ ከንፈሩን እዩ፣ እዛ ጋ አይን ጆሮን በጣም ያግዛል።

አሁን ወደ አፍ። ቀጭን ወረቀት ከከንፈራችሁ ፊት ያዙና በእንግሊዝኛ "ፔን" በሉ፣ ወረቀቱ ይርገበገባል፣ በስፓኒሽ "ፓን" ስትሉ ግን እምብዛም መነቃነቅ የለበትም፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ "ፕ" ስንል ከንፈር ተከፍቶ የጉሮሮ ድምፅ እስኪጀምር ብዙ ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል፣ በስፓኒሽ ግን ወዲያው ይከተላል። እንደዚህ ትንሽ የሆነች ነገር እንኳን በዙሪያችን በሚነገረው ቋንቋ ትንቀሳቀሳለች፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት አሜሪካና ፖርቹጋልኛ በሚነገርባት ብራዚል መካከል የምትመላለስ አንዲት ተማሪን ተከታትሎ ብራዚል ቆይታ ስትመለስ የእንግሊዝኛዋም "ፕ" እና "ት" ወደ ፖርቹጋልኛው ተጠግቶ ተገኝቷል። ስለዚህ እረፍት ሄዳችሁ ስትመለሱ አክሰንታችሁ ቢቀየር አትደንግጡ፣ ከሰዎቹ ጋር መዋል ስትጀምሩ ደሞ ይስተካከላል።

ኢንተርቪው ወይም ፕረዘንቴሽን ካላችሁ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ግማሽ ሰአት ያህል በዛው ቋንቋ ብቻ ስሙ፣ ጮክ ብላችሁ አውሩ፣ በመጀመሪያ ቋንቋችሁ ቻት አታድርጉ። የመጀመሪያ ቋንቋን የሚያስታውስ ነገር እንደሚያደናቅፍ ታይቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አሜሪካ ያሉ ቻይናውያን ተማሪዎች የቻይናዊ ፊት እያዩ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ቅልጥፍናቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል፣ ቻይናን የሚያስታውስ ምስል ብቻ ማየትም ያደናቅፋቸው ነበር። ስብሰባው ላይ የአገራችሁ ልጅ ካለ ገና ከሰላምታው በስብሰባው ቋንቋ ጀምሩት፣ ቀድማችሁም ንገሩት፣ አለበለዚያ ኮራብኝ ብሎ ይቀየማል።

የሰውን አክሰንት ሳታውቁት ትከተላላችሁ? ጤነኛ ነገር ነው፣ ሰው ወደሚወደው ሰው አነጋገር ይጠጋል፣ ከማይፈልገው ይርቃል። ብቻ ሆን ብላችሁ አታጋንኑት፣ ማሾፍ ይመስላል፤ ፍጥነቱን ብቻ መከተል ይበቃል።

ልምምዱን በተመለከተ እኔ የምመክረው ሁሌ በመጀመሪያ ቋንቋችሁ ከምታወሩት ጓደኛ ጋር አትጀምሩ ነው፣ ፊቱን ስታዩ የድሮው ቋንቋ ይቀድማል፣ ከጅምሩ በሁለተኛው ቋንቋ ብቻ የምታውቁት አዲስ ሰው ፈልጉ። የግድ ከጓደኛችሁ ጋር ከሆነ በስልክ ጀምሩት፣ ቪዲዮውን አጥፍታችሁ።