ከመፈረማችሁ በፊት ቧንቧውን ክፈቱ፦ አፓርታማ እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይገባል

ቤት የሚያከራይ ሰው የሚያሳያችሁ ክፍሎቹን ነው። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን ያሳያችኋል፤ ደህና በረንዳ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚወስዳችሁ ወደዚያ ነው። ተከራይን አማርሮ የሚያስወጣው ግን ብዙ ጊዜ የማይመጣ ውሃ፣ በየሰዓቱ የሚጥል ብሬከር፣ የሚሸት ግድግዳና ሌሊት የሚጮህ ፓምፕ ነው። ከእነዚህ አንዱም በፎቶ አይታይም። ስለዚህ እዚህ ብዙ የምቆየው ቤቱን በምታዩባት ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ከገቢ ሲሶው ለኪራይ ይሁን የሚል የቆየ ምክር አለ። ለመነሻ አይከፋም፣ ግን ያሳስታል። ኪራይ ብቻውን አይመጣማ! ውሃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚያመላልሰው ትራንስፖርት ተከትሎት ይመጣል። ራቅ ያለው ርካሽ ቤት ትራንስፖርቱ ሲደመርበት ከቅርቡ ሊወደድ ይችላል። ሁለት ቤት ስታወዳድሩ የወሩን ጠቅላላ ወጪ አስተያዩ።

የመግቢያውን ገንዘብ ለብቻው ያዙት። ቅድሚያ ክፍያ፣ ማስያዣ፣ የደላላ፣ የዕቃ ማጓጓዣ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ መጋረጃ፣ አምፖል፣ ማራዘሚያ፣ መጥረጊያ እያለ ኪስ የሚያራቁት ጥቃቅን ነገር አለ። ለሱም ትንሽ አስተርፉ።

ፍለጋው

በኢንተርኔት፣ በደላላ፣ በሰው። ሦስቱንም በአንዴ ጀምሩ። እኔ የማደላው ለሰው ነው። ሊለቅ የተዘጋጀ ተከራይ ስለ ቤቱ የሚነግራችሁን ማንም ደላላ አይነግራችሁም። የምትፈልጉት ሰፈር ካለ በእግር ዞር ዞር በሉ፤ የሕንፃ ጥበቃዎችን ጠይቁ።

ደላላን አልጠላም፣ ጊዜ ይቆጥባል። ብቻ ስንት እንደሚከፈለው፣ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈል የመጀመሪያውን ቤት ከማየታችሁ በፊት ቁርጡን ተነጋገሩ። «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ ቶሎ ቀብድ ጣሉ» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ላላያችሁት ቤት ሳንቲም አትክፈሉ። ዋጋው ከአካባቢው ተለይቶ የወረደ ሆኖ «ባለቤቱ» ሌላ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላኩና ቁልፉን እልካለሁ ካላችሁ፣ ስልኩን ዘግታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቤቱን ማየት

በቀን ሂዱ። ሜትር፣ የስልክ ቻርጀርና 2 ሊትር የሚይዝ ጆግ ያዙ። ጆጉ ያስቃል፣ ግን ያዙት።

እንደገባችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት በአፍንጫችሁ ነው። የታፈነ፣ የእርጥብ ጨርቅ ዓይነት ሽታ አለ ወይ? በብርድ ሰዓት መስኮቱ ሁሉ ተበርግዶ፣ ወይም ሽቶ በሽቶ ሆኖ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ቁም ሳጥኖቹን ከፍታችሁ ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። ክፍሉ በሙሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ማዕዘን ብቻ አዲስ ከተቀባ፣ ያ ማዕዘን የሚደብቀው ነገር አለው። የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። ጠርዙ የጠቆረ ቡናማ ክብ ካለ ከላይኛው ፎቅ ውሃ ወርዷል ማለት ነው። «ተሠርቷል» ይሏችኋል። መቼ? ማን ሠራው? ብላችሁ ጠይቁ። በትክክል የተሠራ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም።

ቀጥሎ ውሃ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

«ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ በስንት ሰዓት፣ ሲጠፋ ታንከሩ ለስንት ቀን ያደርሳል፣ ታንከሩ ለስንት ቤት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ያንኑ ጥያቄ ደረጃ ላይ ላገኛችሁት ጎረቤትም ድገሙት። ሁለቱ መልስ ካልገጠመ የጎረቤቱን እመኑ።

ከዚያ ጆጉን አውጡ። ሻወሩን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 2 ሊትሩ በ12 ሰከንድ ከሞላ ቧንቧው በደቂቃ 10 ሊትር ይሰጣል፤ ይህ ደህና ሻወር ነው። 24 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 5 ሊትር ነው፤ ያጥባል፣ ግን ፀጉር ላይ ሳሙና ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። አሁን ሻወሩን ሳትዘጉ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አስከፍቱ፤ የመጸዳጃ ቤቱንም ውሃ ልቀቁ። ሻወሩ ወደ ጠብታ ከወረደ፣ ሁለት ሰው ጠዋት በአንድ ጊዜ ሊዘጋጅ አይችልም ማለት ነው።

የፎቁ ከፍታም ነገር አለው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። ከታች በሚገፋ መስመር ላይ ተጎጂዎቹ የላይ ፎቆች ናቸው። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ከሆነም በጣም የሚደክመው የመጨረሻው ፎቅ ነው፤ ከታንከሩ እስከ ቧንቧው ያለው የከፍታ ልዩነት ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ውሃው የሚወርድበት ጉልበት የለውም። «ላይ ነው፣ ለታንከሩ ቅርብ ነው» የሚለው ማባበያ በተቃራኒው ይነበብ።

የቦይለሩን መጠንም እዩ። በላዩ ተጽፏል። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1,500 ዋት ማሞቂያ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። አራት ሰው ሆናችሁ ከገባችሁ ተራ መያዝ የግድ ነው። ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትግቡ። በተዘጋ ክፍል የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ይህን በቅናሽ የምትደራደሩበት ጉዳይ አታድርጉት።

መብራት። ቻርጀራችሁን በየሶኬቱ እየሰካችሁ ዙሩ። አፉ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት ካያችሁ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ኖሯል። የብሬከሩን ሳጥን ክፈቱና በየብሬከሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በ220 ቮልት፣ 16 የተጻፈበት ብሬከር የሚሸከመው 3,520 ዋት ነው። 2,000 ዋት ምድጃና 1,500 ዋት ቦይለር በዚያው መስመር ካሉ ጫፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ካውያ ስትጨምሩ ይጥላል። ምድጃውና ቦይለሩ የየራሳቸው መስመር እንዳላቸው ጠይቁ። ሳጥኑ ውስጥ T የሚል ትንሽ ቁልፍ ያለው ብሬከር ካለ፣ አስፈቅዳችሁ ተጫኑት። ወዲያው መውረድ አለበት። ካልወረደ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ የሚያስጥለው መሣሪያ አይሠራም ማለት ነው።

ቆጣሪው የማነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔ በተከራየሁት አንድ ቤት የግቢው ፓምፕና የደረጃው አምፖሎች የሚሠሩት በኔ ቆጣሪ ነበር። አከራዩም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ከሱ በፊት የነበረ ሠራተኛ አቋርጦ የቀጠለው ሽቦ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ዋና ብሬከር አውርዱና ሄዳችሁ ቆጣሪውን እዩ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ኃይል በተጠቀማችሁ ቁጥር ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። ሁሉ ጠፍቶ እሷ ብልጭ ድርግም ካለች፣ ከቆጣሪውና ከቤታችሁ መካከል የተቀጠለ ሌላ ተጠቃሚ አለ። በተቃራኒው ብሬከሩን መልሳችሁ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ስትሰኩ፣ ፊቱ ላይ 1000 ለኪሎዋት ሰዓት የተጻፈበት ቆጣሪ በደቂቃ 33 ጊዜ ያህል ብልጭ ይላል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ያሳዩዋችሁ የሌላ ሰው ቆጣሪ ነው።

ድምፅን ለመስማት ወሬ ማቆም ያስፈልጋል። መኝታ ቤት ገብታችሁ መስኮትና በር ዝጉና ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ደላላው ሊያወራችሁ ይሞክራል። የአሳንሰሩ ሞተር፣ የውሃ ፓምፑና ጄኔሬተሩ የት እንዳሉ ጠይቁ። ቤቱን ከወደዳችሁት በዕረፍት ቀን ዋዜማ ማታ ተመልሳችሁ ከውጭ ቁሙ። በቀን ጸጥ ያለ ሰፈር ማታ ሌላ ነው። እዚያው መኝታ ቤት ሆናችሁ ስልክ ደውሉ፤ ኔትወርኩ በረንዳ ላይ ብቻ የሚሠራበት ቤት ሞልቷል።

ወደ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስኮት ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ያግላል። አልጋ፣ ሶፋና ፍሪጅ ካላችሁ የበሩን ስፋት፣ የአሳንሰሩን ውስጥና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ሶፋ የሚያስቸግረው በር ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ላይ ነው።

ድርድርና ውል

ያገኛችሁትን ጉድለት ጽፋችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። ብዙ ሰው ጉድለቱን ቆጥሮ ዋጋ ያስቀንሳል። እኔ ጥገናውን መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የምታተርፉት ገንዘብ ቧንቧውን አያሠራላችሁም፤ ስትገቡ ግን ቧንቧው የናንተ ራስ ምታት ይሆናል። «ከመግባታችን በፊት ይሠራል» ከተባለ ውሉ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ።

ከመፈረም በፊት የሚያከራያችሁ ሰው የማከራየት መብት እንዳለው አረጋግጡ። ባለቤት ከሆነ የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ይግጠም። ወኪል ከሆነ ውክልናውን እዩና ማከራየትና ገንዘብ መቀበል እንደተፈቀደለት አንብቡ። ራሱ ተከራይ ሆኖ የሚያከራይ ከሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደህና አከራይ በዚህ አይቀየምም።

ውሉ ላይ የኪራዩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና የውሉ ዘመን መኖሩ ግልጽ ነው። የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ ኪራይ መቼና በምን ያህል ሊጨመር ይችላል፤ ለመልቀቅም ለማስለቀቅም ስንት ጊዜ ቀደም ብሎ ይነገራል፤ የትኛውን ጥገና ማን ይከፍላል፤ አከራዩ ቤት ለመግባት ቀድሞ ያሳውቃል ወይ። ማስያዣው በምን ምክንያት ሊቆረጥ እንደሚችልና ከለቀቃችሁ በኋላ በስንት ቀን እንደሚመለስም በቁጥር ይቀመጥ። በኑሮ የሚመጣ ተራ ማርጀት፣ እንደ ቀለም መደብዘዝ ያለው፣ ከማስያዣ እንደማይቆረጥ አንድ መስመር አስገቡ። በቃል የተባለ ነገር ሁሉ ይጻፍ። በምትኖሩበት ቦታ ውል መመዝገብ ካለበት አስመዝግቡ። ክፍያ በባንክ፣ ውሉ ላይ ባለው ስም ይሁን። በእጅ ከሆነ ደረሰኝ።

ቁልፍ ስትረከቡ

ዕቃ ከመግባቱ በፊት፣ ቤቱ ባዶ እያለ ቪዲዮ ቅረጹ። ከመግቢያው በር ጀምሩና ሳታቋርጡ ክፍል በክፍል ሂዱ፤ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ የተሰበረ እጀታ ሲኖር ቀረብ በሉ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር አንብባችሁ በድምፅ ተናገሩ። ከዚያ በዚያው ቀን ለአከራዩ በስልክ ላኩለት። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ የቀረ ቪዲዮ መቼ እንደተቀረጸ ያከራክራል፤ የተላከው ግን ከነቀኑ በሁለታችሁም እጅ አለ።

የመግቢያ በሩን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል፣ ቀይሩ። ያሮጌው ቁልፍ ቅጂ በስንት ሰው እጅ እንዳለ አታውቁም። መላውን ቁልፍ መለወጥ አያስፈልግም፤ ሲሊንደሩ በአንድ ብሎን ይወጣል። ይዛችሁት ወደ መሸጫው ሂዱ፣ ወይም ከብሎኑ ቀዳዳ እስከ ሁለቱ ጫፍ ለክታችሁ ተመሳሳዩን ግዙ። ለአከራዩ ንገሩት፤ አሮጌውንም አትጣሉት፣ ስትለቁ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ።

የመጀመሪያው ወር

ዋናው የውሃ መዝጊያና የብሬከር ሳጥኑ የት እንዳሉ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ቧንቧ ሲፈነዳ መፈለግ አይቻልም።

መጸዳጃ ቤቱ ሳይታወቅ ውሃ ያፈስ እንደሆነ እዩ። ከኋላው ያለውን የውሃ ሳጥን ክፈቱና ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩበት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ውሃውን አይልቀቅ። ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ከታየ ውስጡ ያለው ጎማ አርጅቷል። ጎማው ርካሽ ነው፣ የሚያፈሰው ውሃ ግን በወር ሒሳብ ላይ ይታያል።

ግድግዳ ላይ እርጥበት ካያችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ምንጩን ለዩ። የመዳፍ ያህል የአሉሚኒየም ፎይል ቦታው ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና በማግስቱ አንሱት። ጤዛው ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ከሆነ የክፍሉ አየር እንፋሎት ነው፤ መስኮት መክፈትና ልብስ ቤት ውስጥ አለማስጣት ይበቃል። ወደ ግድግዳው ባለው ፊት ላይ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ያ የአከራዩ ሥራ ነው። ፎቶ አንስታችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ከጎረቤት ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ተዋወቁ። ውሃ ሲጠፋ፣ ጥበቃው ሲቀየር፣ መዋጮ ሲጨመር ቀድሞ የሚነግራችሁ አከራዩ አይደለም። የመጀመሪያው የመብራትና የውሃ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ቪዲዮው ላይ ካነበባችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩት። ሒሳቡ የሚጀምረው ከናንተ ቁጥር በፊት ከሆነ፣ ልዩነቱ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ ነው። ቪዲዮውን ለአከራዩ አሳዩትና ከሚቀጥለው ኪራይ እንዲቀነስ ጠይቁ።