ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፦ የቤት ኢንተርኔትና የኮምፒውተር ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ የምንሰማው ምክር ሁለት ነው። መጀመሪያ "ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት" እንባላለን። ካልሠራ "ከፍ ያለ ፓኬጅ ይግዙ" ይከተላል። ሁለቱም አንዳንዴ ይሠራሉ። የሚያናድደው ብልሽቱ የት እንዳለ ማንም ሳያይ መታዘዛቸው ነው። እኔ የደወልኩለት አንድ አቅራቢ ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳይጠይቅ ፓኬጅ ሊሸጥልኝ ሞክሯል። የኮምፒውተር ደህንነትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ስጋቱን የሚነግረን ድርጅት ብዙ ጊዜ መድኃኒቱንም ሻጭ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ እንለይ። ኪሳችን የምንገባው ከዚያ በኋላ ነው።

"የከፈልኩበት ፍጥነት የለም"

በቅድሚያ ቁጥሩን እናጥራ። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ፋይል ዳውንሎድ ስታደርጉ ግን ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳያችሁ በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 40 ሜጋቢት የገዛ ሰው በሰከንድ 5 ሜጋባይት ቢያይ አልተሸወደም። መስመርን በቢት መለካት የቆየ ልማድ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ማስታወቂያ ላይ መውጣቱን ግን የሚጠላ ሻጭ ያለ አይመስለኝም።

ሂሳቡን አስልታችሁም ካልደረሰ ወደ ኬብል ሂዱ። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ሌሎቹ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ለጥቂት ደቂቃ ከኢንተርኔት ይውጡ። ከዚያ ፍጥነቱን ለኩና ጻፉት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ደግሞ አንዴ። በዋይፋይ ብቻ የተለካ ፍጥነት ይዞ ከድርጅት ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

በኬብል ጥሩ፣ በዋይፋይ መጥፎ ከሆነ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ፓኬጅ ብታሳድጉ ምንም አይለወጥም። በኬብልም ቢሆን ጠዋት ጥሩ ሆኖ ማታ ማታ የሚወርድ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተጨናነቀው የአቅራቢው መስመር ነው። እሱን ደግሞ አዲስ ራውተር አይፈውሰውም። ቀን ከሌት መጥፎ ከሆነ መስመሩን፣ ሞደሙን ወይም ኬብሉን ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። 200 ወይም 300 ሜጋቢት ገዝታችሁ ልኬቱ ሁሌ 94 አካባቢ ላይ ድርቅ ካለ፣ ወደ ድርጅቱ ከመደወላችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ለ1 ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ስምንቱም ሳይበጠሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረስ አለባቸው። አንዷ ከተበጠሰች መሣሪያዎቹ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርዱ ይችላሉ። ለዚያ 4 ሽቦ ይበቃልና። 94 ማለት ከ100ው ላይ ለዳታው ማሸጊያና አድራሻ የሚሄደው ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። ኬብሉ ተቀይሮም ያው ከሆነ የራውተሩ ወይም የላፕቶፑ መሰኪያ ከ100 በላይ የማይሄድ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የአቅራቢው መሆኑን ካረጋገጣችሁ ስትደውሉ አጭር ሁኑ። "በኬብል፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ጠዋት ይሄን ያህል፣ ማታ ይሄን ያህል ለክቻለሁ፤ ራውተሩም ኬብሉም ታይቷል" በሉ። "አጥፍተው ያብሩት" ሲሏችሁ አጥፍታችሁ አብሩ፣ አትከራከሩ። ሠራተኛው ፊቱ የተቀመጠለትን ቅደም ተከተል ሳይጨርስ ወደ ቴክኒሻን ሊያሳልፋችሁ አይችልም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ። ውላችሁንም አውጥታችሁ ዝቅተኛ ፍጥነት ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ማስታወቂያ የሚናገረው ስለ ከፍተኛው ብቻ ነው።

በኬብል ይበርራል፣ በዋይፋይ ይሞታል

ራውተሩ የት ነው ያለው? ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም መሬት ላይ ከሆነ አውጡት። ቤቱ መሀል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከብረትና ከመስታወት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ነፃ ስለሆነ ነው መሰለኝ ይህን ምክር ማንም አጥብቆ አይናገረውም።

ቀጥሎ ሞገዱን እዩ። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን የተጨናነቀ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ራሱ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ምግብ ሲሞቅ ቪዲዮ የሚቆም ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ከራውተሩ አጠገብ ያለውን መሣሪያ ወደ 5 አዙሩት። በ2.4 ላይ የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን አድርጉት። እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ሱቅ ሄዳችሁ "ዋይፋይ አይደርስልኝም" ብትሉ ሪፒተር ይሰጧችኋል። ርካሽ የሆኑት ብዙዎቹ በአንድ ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው ሬዲዮ ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቆርጡታል። ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ያው። ኬብል መዘርጋት ከቻላችሁ ኬብል ዘርጉና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ዋይፋይ ማሠራጫ አድርጉ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ልኬቱ ጥሩ ነው፣ የቪዲዮ ስብሰባው ግን ይቆራረጣል

እቤት ያለ ሰው ፎቶ ወይም ቪዲዮ መጫን ሲጀምር የእናንተ ድምፅ ሮቦት ይሆናል። ፍጥነቱን ስትለኩት ምንም አልጎደለም። እዚህ የሚታመመው ፍጥነቱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። የሚላከው ዳታ ከመስመሩ አቅም ሲበልጥ ራውተሩ ወይም ሞደሙ ወረፋ ያስይዘዋል። ወረፋው ሲረዝም የእናንተ ድምፅ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሳያቋርጥ ፒንግ (መልስ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትንሽ መልእክት) ወደ 1.1.1.1፣ ለሁሉም ክፍት ወደሆነ ሰርቨር፣ ላኩና ትልቅ ፋይል አፕሎድ ማድረግ ጀምሩ። መልሱ ከ20 ወይም 30 ሚሊሰከንድ ተነስቶ ብዙ መቶ ከገባ ችግሩ ተገኘ። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ወረፋ የሚያስተካክል ነገር (ብዙ ጊዜ QoS ወይም SQM ተብሎ የሚጻፍ) ካለው አብሩትና የአፕሎድ ጣሪያውን ከለካችሁት ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ። ወረፋው ራውተሩ ውስጥ በሥርዓት እንዲያዝ ነው። ራውተሩ ይህ ከሌለው የስልኮቹን የፎቶ ባክአፕ ወደ ሌሊት አዛውሩት።

ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ገጽ ግን አይከፈትም

ፒንግ ወደ 1.1.1.1 መልስ ካገኘ መስመሩ አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የጠፋው የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት፣ ዲኤንኤስ ነው። በኮምፒውተሩ ወይም በራውተሩ ሴቲንግ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመለሳል።

ስትገቡ ግን እዚያ ቀድሞ የተጻፈውን ቁጥር አስተውሉ። እናንተም ድርጅቱም ያላስገባችሁት ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ዲኤንኤስ ቼንጀር የተባለው ቫይረስ 4 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮችን በዚህ መንገድ ወደ ሌቦች ሰርቨር ሲያዞር ነበር፤ ተጠርጣሪዎቹ የተያዙት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ራውተሩን ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ (ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መልሱት)፣ የመግቢያ ፓስወርዱን ለውጡ፣ ኮምፒውተሩንም ፈትሹ።

ሁሉም ድረ ገጽ "ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም" ይላል

ሰዓቱንና ቀኑን እዩ። አሮጌ ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪው ሲያልቅ ቀኑን ይረሳል። ቀኑ ሲሳሳት የድረ ገጾቹን ማንነት የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ብዙዎቹ ዴስክቶፖች የሚጠቀሙት ባትሪ ሲ አር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት። ሰዓት ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ባትሪዋ ካልተቀየረች ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ይመለስባችኋል።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ችግሩ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ በእናንተና በድረ ገጹ መሀል የገባ ሶፍትዌር ሊኖር ይችላል። አንዳንድ አንቲቫይረሶች ይህን ያደርጋሉ። አዲስ ላፕቶፕም ንጹህ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ ማስታወቂያ አቀባይ ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ የተመሰጠረውን ግንኙነት እየከፈተ ማስታወቂያ ያስገባ ነበር። የከፋው ደግሞ ፕሮግራሙ ተሰርዞም ያስገባው የምስክር ወረቀት መቅረቱ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ካጠፋችሁ በኋላ የምስክር ወረቀቱንም ፈልጋችሁ አጥፉ። እኔን ብትጠይቁኝ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስን ከባዶ መጫን ከሁሉ ይቀላል።

ስክሪኑ ቀላ፣ ሳይረን ጮኸ፣ "በዚህ ስልክ ይደውሉ" አለ

አትደውሉ። ያያችሁት ቫይረስ ሳይሆን ድረ ገጽ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ የእሱ ማስጠንቀቂያ መቼም ስልክ ቁጥር እንደማይኖረው ይናገራል። ብሮውዘሩ አልዘጋ ካለ በታስክ ማናጀር ዝጉት። ሲከፈት "የነበረውን ልመልስ?" ቢል እምቢ በሉ።

ማስጠንቀቂያው ከስክሪኑ ጥግ በየሰዓቱ ብቅ የሚል ከሆነ፣ የሆነ ቀን "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ" የሚል ገጽ ላይ ተጭኗል። በብሮውዘሩ ሴቲንግ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ያላቸውን ገጾች ክፈቱና የማታውቁትን ሁሉ ሰርዙ።

ቀድሞ ተደውሎ፣ ሰውዬው ኮምፒውተሩን ከሩቅ ሲነካካ ከነበረስ? ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ያስጫናችሁን ፕሮግራም አጥፉ። ፓስወርድ የምትቀይሩት ከሌላ መሣሪያ ነው። ባንካችሁን ዛሬውኑ አሳውቁ፣ ነገ አትበሉ።

አንቲቫይረስ ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩ ባሰበት

ሁለት አንቲቫይረስ አብረው ካሉ ይጎታተታሉ። አንዱን አንሱ። ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው አላቸው፤ ለተራ ተጠቃሚ ይበቃል ባይ ነኝ። በነፃ የሚሰጡትን በተመለከተ በሬ ካራጁ ይውላል የሚያሰኝ ታሪክ አለ። አቫስት የደንበኞቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ተገኝቶ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ከክትትል እጠብቃችኋለሁ ሲል የነበረ ድርጅት ነው።

ያልላክሁት መልእክት ከእኔ አካውንት ወጣ

ብዙ ጊዜ ኮምፒውተራችሁ አልተጠለፈም። ሌላ ቦታ የተጠቀማችሁበት ያው ፓስወርድ ሾልኳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቀው መረጃ በ2016 ለገበያ ሲቀርብ ከ100 ሚሊዮን በላይ የፓስወርድ መረጃ ነበረበት። ሌቦቹ ከአንድ ቦታ ያገኙትን ሌላው ሁሉ ላይ ይሞክሩታል።

ከኢሜይሉ ጀምሩ። ኢሜይል የያዘ ሰው የሌላውን ሁሉ ፓስወርድ ማስቀየር ይችላል። ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ገብተው ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ አስወጡ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳውን እዩ፦ ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ተጨምሮ እንደሆነ፣ የማስመለሻ ስልኩም ተቀይሮ እንደሆነ። ፓስወርድ ማስታወስ ለፓስወርድ ማናጀር ተዉት። ሁለተኛ ማረጋገጫም (ከፓስወርዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ ኮድ) አብሩ፣ ቢቻል በኤስኤምኤስ ሳይሆን ኮድ በሚያወጣ አፕ። ኤስኤምኤስ በሲም ቅያሪ፣ ማለትም ሌባው ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም በማዛወር፣ ይሰረቃል። ከዚያም ሌላ፣ ትዊተር ተጠቃሚዎች ለደህንነት ብለው የሰጡትን ስልክ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበት እ.ኤ.አ. በ2022 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ራውተሩ ላይ የማላውቀው መሣሪያ አለ

ቶሎ አትደንግጡ። አዳዲስ ስልኮች እንዳይከታተሏቸው በየኔትወርኩ የሐሰት መለያ ስለሚያወጡ የራሳችሁ ስልክ ሊሆን ይችላል። ስልኮቹን አንድ በአንድ አጥፍታችሁ ዝርዝሩን እዩ። ባለቤት ያልተገኘለት ከቀረ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ መሣሪያ የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) በሴቲንግ አጥፉ፣ የዋይፋዩን ጥበቃ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 (WPA2 ወይም WPA3) አድርጉ።

የራውተሩ ራሱ መግቢያ ፓስወርድም አለ፤ ከዋይፋዩ የተለየ ነው። ሚራይ የተባለው ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2016 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ የወጡባቸውን 60 ገደማ ፓስወርዶች እየሞከረ ነው። መሣሪያው ሲጠፋና ሲበራ ቫይረሱ ይጠፋ ነበር። ፓስወርዱ ካልተቀየረ ግን ወዲያው ይመለስ ነበር።

በመጨረሻ አፕዴት። ራውተሩ የአቅራቢው ከሆነ ማን እንደሚያዘምነው ጠይቁ። የራሳችሁ ከሆነና አምራቹ ማዘመን ካቆመ ሌላ ግዙ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለ ማመንታት ገንዘብ አውጡ የምለው እዚህ ጋ ነው። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምራቾች ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚያዘምኑ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። ሌላ አገርም ብትሆኑ የምትገዙትን ሞዴል ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉና ያቺን ቀን እዩ። ቀን ካልተጻፈለት ቀን የተጻፈለትን ምረጡ።