ነባር ሰርቨሮችንና ክላስተሮችን ወደ አዙር አርክ ስታስገቡ

ሰርቨሮቻችሁን ወደ ክላውድ ሳታዛውሩ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ማስተዳደር ከፈለጋችሁ፣ የማይክሮሶፍቱ አዙር አርክ ለዚህ ነው የተሠራው። ማሽኑም ዳታውም ባለበት ይቆያል። የሚጫነው አንድ ኤጀንት፣ ማለትም ማሽኑን ከአዙር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ከዚያ በፊት ነው።

መጀመሪያ ያላችሁን መዝግቡ። የትኛው ማሽን የማን ነው? ምን ይሠራል? ቢቆም ማን ይደውላል? ይህን ሳታጣሩ ካስገባችሁ ፖርታሉ (የአዙር ማስተዳደሪያ ድረ ገጽ) ላይ የምታዩት የስም ክምር ብቻ ነው። ታጉንም (የማሽኑን ባለቤትና ሥራ የሚገልጸውን መለያ) ስታገናኙ አብራችሁ ስጡት፣ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ከተባለ እዚያው ነው የሚቀረው።

ከዚያ ኔትወርክ። ኤጀንቱ በፖርት 443 ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የምትከፍቱት ፖርት የለም። ይህንን ለሴኪዩሪቲ ክፍሉ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ብዙ ክርክር ያስቀርላችኋል። ኤጀንቱን ጭናችሁ ከማገናኘታችሁ በፊት «ቼክ» የሚለውን ትዕዛዙን አስኪዱ፤ የትኛው አድራሻ እንደተዘጋ አንድ በአንድ ያሳያችኋል። የሰርቨሩን ሰዓትም እዩ፣ የተዛባ ሰዓት ኦተንቲኬሽኑን (የማንነት ማረጋገጫውን) ያበላሻል።

አሁን ቸል የማይባለው ነገር፦ ሥልጣን። ብዙ ሰርቨር በስክሪፕት ስታስገቡ ለሰርቪስ ፕሪንሲፓሉ (ስክሪፕቱ ወደ አዙር ለሚገባበት አካውንት) «ኦነር» የሚለውን፣ ሙሉ ሥልጣን ያለውን ሮል በፍጹም አትስጡት። ለማስገባት ብቻ የተዘጋጀ ሮል አለ፤ እሱኑ፣ ያውም በአንድ ሪሶርስ ግሩፕ (አዙር ላይ ያሉ ነገሮች በቡድን በሚቀመጡበት ክፍል) ላይ ብቻ ስጡት። የዚህ አካውንት ሚስጥር ቁልፍ አጭር የጊዜ ገደብ ይኑረው፣ ሥራው እንዳለቀም ሰርዙት፣ ምክንያቱም ስክሪፕቱ ቁልፉን እንደያዘ በየሰርቨሩ ዲስክ ላይ ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ደግሞ ልብ በሉ፣ አርክ ላይ ኤክስቴንሽን (ኤጀንቱ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) የመጫን ፈቃድ ያለው ሰው ሰርቨሩ ላይ እንደ ሩት ወይም እንደ አድሚኒስትሬተር፣ ማለትም በሙሉ ሥልጣን ትዕዛዝ ማስኬድ ይችላል። ስለዚህ ዶሜይን ኮንትሮለርን (የድርጅቱን ተጠቃሚዎች መግቢያ የሚቆጣጠረውን ሰርቨር) የመሰሉ ማሽኖች ላይ ኤጀንቱን «ሞኒተር» በሚለው ሞድ አድርጉት፤ ያኔ ክትትሉ ይቀጥላል፣ ከርቀት ለውጥ የማድረጉ በር ግን ይዘጋል።

አንዴ የተገናኘ ማሽንን ክሎን አታድርጉ (እንዳለ አትቅዱ)። ሁለቱም ማሽኖች አንድ መታወቂያ ይዘው ይጋጫሉ።

ኤጀንቱ በየ5 ደቂቃው «አለሁ» ይላል፣ ከጠፋ ፖርታሉ ግንኙነቱ ተቋርጧል ብሎ ያሳያል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ ይህንን ስታዩ አትደንግጡ፣ ሰርቨሩ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ ሲመለስ ራሱ ይገናኛል። ከ45 ቀን በላይ ከጠፋ ግን ነገሩ ይለያል፤ ነቅላችሁ እንደገና ማገናኘት ይኖርባችኋል።

ለኩበርኔትስ ክላስተር፣ ማለትም አፕሊኬሽኖችን አብረው ለሚያስኬዱ ማሽኖች ስብስብ፣ መንገዱ ሌላ ነው። ኖዶቹን (በውስጡ ያሉትን ማሽኖች) አንድ በአንድ ሳይሆን ክላስተሩን እንዳለ ነው የምታገናኙት፤ የክላስተር አድሚን ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የአርክ ፖዶች (ክላስተሩ ላይ የሚሠሩት የአርክ ፕሮግራሞች) 850 ሜጋባይት ገደማ ሜሞሪ ይፈልጋሉ፣ ጫፍ የደረሰ ትንሽ ክላስተር ላይ ስለዚህ ቀድማችሁ ቦታ አስለቅቁ።

ማገናኘቱ፣ ዝርዝሩና ታጉ ነፃ ነው። ሂሳቡ የሚመጣው ከላይ ከምትጨምሩት ነው፤ የአፕዴት አገልግሎቱ ለአንድ ሰርቨር በወር 5 ዶላር ገደማ ነው፣ ሎግ ደግሞ በጊጋባይት ይቆጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት የቴስት ማሽኖችን ብቻ አስገቡ፣ የአንድ ወር ሂሳባቸውን እዩ፣ ከዚያ ነው ወደ ፕሮዳክሽን የሚኬደው።